አራቱ ጠርሙሶች

ባለፈው ሳምንት ዓለም ባንክ ሰፈር ባለችው ፋርማሲዬ ውስጥ አንዲት ደንበኛ የአሴቶን ጠርሙስ ከእጇ አመለጣት። ለጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የገዛችው ትንሽ ጠርሙስ ነበር፤ ክዳኑን ከፍታ ልታሸት ስትል ነው የወደቀው። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ መድኃኒት እየደረደርኩ ነበር። ዞሬ ሳላይ ሽታው ደረሰኝ። ያ ስል፣ መጀመሪያ ጣፋጭ የሚመስል፣ ኋላ ግን አፍንጫ ወግቶ አናት ላይ የሚወጣ ሽታ።

ሴትየዋ «ውይ፣ ይቅርታ፣ አሁን አጸዳዋለሁ» እያለች ጎንበስ ስትል፣ «ተዪው፣ ስባሪው እንዳይወጋሽ ብቻ» አልኳት። መጥረጊያና አካፋ ይዤ እስክመለስ ወለሉ ሊደርቅ ምንም አልቀረውም። በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩ። እሷ ከሄደች በኋላም ወንበሬ ላይ ብዙ ቆየሁ። ደንበኛ ገብቶ «እመቤት፣ ሰላም ነሽ?» እስኪለኝ ድረስ።

ሰላም ነበርኩ። አንዲት ልጅ ትዝ ብላኝ ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ነበርን። ትምህርት ቤታችን ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው እስከ ግማሽ በሰማያዊ ዘይት ቀለም የተቀባ ነበር። መስከረም ላይ የክፍል ኃላፊያችን አንዲት ቀጭን ልጅ በክንዷ ይዘው ገቡ። ዓይናቸው ክፍሉን ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ አረፈ።

«አንቺ ወሬ ትወጂያለሽ አይደል?» አሉኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ወሬሽ ሥራ ላይ ይውላል። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ታነቢላታለሽ።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ዓይነ ስውር ተማሪ አጠገቤ ስትቀመጥ ዓመቱን ሙሉ የሌላ ሰው ጓዝ የተሸከምኩ መስሎ ተሰማኝ። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

እሷ ከጎጃም የመጣች፣ ሳንሱሲ ሰፈር አክስቷ ዘንድ የምትኖር ልጅ ነበረች። በብሬል ነበር የምትጽፈው። ወፍራም ወረቀት ከብረት ገበታ መሃል ታስገባና በትንሽ መውጊያ ትጠቀጥቀዋለች፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። መጀመሪያ ድምፁ ያስጠላኝ ነበር። ከወር በኋላ ታማ በቀረችባቸው ቀናት ክፍሉ ጭር ያለብኝ ያ ድምፅ ስለጠፋ ነው። ቀልደኛ ነበረች። መምህራኑን ሁሉ በጫማቸው ድምፅ ታውቃቸው ነበር፤ ገና ከኮሪደሩ ጫፍ ሳሉ «ጂኦግራፊ መጣች፤ ዛሬ ተቆጥታለች፣ ተረከዟን ስሚው» ትለኝና ዝም እንላለን። እውነትም መምህሯ ተቆጥታ ትገባለች።

በቀን አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ ግን ትነሳለች። ዓይነ ስውር ተማሪዎች ሒሳብ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ አይማሩም ነበር። ማን እንደወሰነው አናውቅም፤ እንደዚያ ነበር የሚሠራው። እነዚያ ክፍለ ጊዜዎች ሲደርሱ እኔ በክንዴ መርቻት ግቢው ውስጥ ቧንቧው አጠገብ ያለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ አስቀምጣታለሁ፤ ሲያልቅ እመልሳታለሁ።

አንድ ቀን «እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«የቧንቧውን ጠብታ እቆጥራለሁ» አለች። ቀጥላ ሳቀች። «ውሸቴን ነው። እተኛለሁ።»

ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ።

ሚያዝያ ውስጥ፣ የበልጉ ዝናብ ሳይታሰብ በሚወርድበት ሰሞን ነው ነገሩ የተጀመረው። የኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ደርሶ ልንወጣ ስንነሳ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። የኬሚስትሪ መምህራችን በሩ ላይ ደረሱ። ወጣት ናቸው፤ የነጭ ገዋናቸው ኪስ አንድ ጎን በአሲድ ተበልቶ ቀዳዳ ነበረው። ሁለታችንን አዩንና «በዚህ ዝናብ የት ነው የምትወስጃት? ተቀመጡ» አሉ።

ተቀመጥን። ጓደኛዬ እጇን ዴስኩ ላይ አጣጥፋ፣ እንግዳ ቤት እንደገባ ሰው ጸጥ አለች።

መምህሩ አራት ትንንሽ የሽሮፕ ጠርሙሶች ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። «ላብራቶሪያችን እንደተዘጋ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ላብራቶሪው ቆዳችሁ ነው። እጃችሁን ዘርጉ።» በየረድፉ እየዞሩ በእያንዳንዳችን እጅ ጀርባ ላይ ከየጠርሙሱ አንድ አንድ ጠብታ አኖሩ። መጀመሪያ አሴቶን፣ ከዚያ ቁስል የሚጠረግበት ስፒሪት፣ ከዚያ ውሃ፣ በመጨረሻ ግሊሰሪን። አሴቶኑን ከእህታቸው ፀጉር ቤት፣ ስፒሪቱን ከፋርማሲ፣ ግሊሰሪኑን ከገዛ ቤታቸው እንዳመጡ ነገሩን። እኛ ረድፍ ሲደርሱ ለእኔ አንጠባጠቡና ሊያልፉ ሲሉ ጓደኛዬ እጇን ዘረጋች።

«ለኔም፣ ቲቸር።»

ተመለሱ። ከዚያ አራቱንም ጠብታ አኖሩላት።

ክፍሉ በዝናቡ ጨልሟል። ሁላችንም እጃችን ላይ አጎንብሰን የትኛው እንዳበራ፣ የትኛው እንደደበዘዘ ለማየት እንታገላለን። አንዱ «የኔ ሁለተኛው ደረቀ» ይላል፣ ሌላው «አልደረቀም፣ ዝም ብለህ ነው» ይለዋል። በመሃሉ ጓደኛዬ ድምፅዋን ሳታነሳ ተናገረች።

«የመጀመሪያዋ ሄደች። ሁለተኛዋም እየሄደች ነው፤ ግን እንደ መጀመሪያዋ አላቀዘቀዘችኝም። ሦስተኛዋ አትቸኩልም። አራተኛዋ ግን እንዳለች ናት፤ የምትሄድም አይመስለኝም።»

መምህሩ ከክፍሉ ጫፍ ተመለሱ። «እንዴት አወቅሽ?»

«ስትሄድ ሙቀቴን ይዛ ነው የምትሄደው፣ ቲቸር። ቅዝቃዜው ሲያበቃ ሄዳለች ማለት ነው።»

መምህራችን ጠመኔያቸውን አስቀመጡ። ከዚያ በኋላ ያለውን ግማሽ ሰዓት ለክፍሉ አስተማሩ ለማለት ይከብደኛል፤ ለእሷ ነበር የሚያስተምሩት። ሰሌዳ ላይ አልጻፉም። ድምፃቸውን ከዝናቡ በላይ ከፍ አድርገው በቃል ብቻ ተናገሩ። ፈሳሽ ውስጥ ያሉ ሞለኪውሎች ይሳሳባሉ አሉ። ከሥር ያለችው በሁሉም በኩል ተይዛለች፤ ላይ ያለችው ግን ከበላይዋ የሚይዛት የለም፤ ስለዚህ ጉልበት ስታገኝ ቀድማ የምታመልጠው እሷ ናት። የአሴቶን ሞለኪውሎች እርስ በርስ አያያዛቸው ላላ ያለ ነው። ስፒሪት ግን ሃይድሮጅን ቦንድ የሚሉት ጠንከር ያለ መያያዣ አላት፤ በአንድ እጇ እንደመያዝ ነው። ውሃ ትንሽ ሆና ሳለ በብዙ በኩል ትያያዛለች። ግሊሰሪን ደግሞ ሦስት እጅ አላት።

«ጠርሙሱ ከተከደነስ?» አለች ጓደኛዬ።

መምህሩ ፈገግ ሲሉ አየሁ። እሷ አላየችም፤ ድምፃቸው ግን እንደተለወጠ ሰምታለች። «ከተከደነ ያመለጡት የሚሄዱበት የላቸውም። ክዳኑን እየገፉ ይቆያሉ። ከእነሱም አንዳንዶቹ ተመልሰው ፈሳሹ ውስጥ ይወድቃሉ። የሚወጡትና የሚመለሱት እኩል ሲሆኑ፣ ያን ጊዜ ያለው ግፊት የእንፋሎት ግፊት ይባላል። የሚያያዙበት ኃይል የላላ ከሆነ ብዙዎቹ ያመልጣሉ፣ ግፊቱ ይበዛል። የጠበቀ ከሆነ ጥቂቶቹ ናቸው የሚያመልጡት፣ ግፊቱ ያንሳል።»

ደወል ሲደወል ዝናቡ አባርቶ ነበር። ጓደኛዬ ግን አልተነሳችም። እጇን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ግሊሰሪኑን በጣቷ ነካ ነካ ታደርጋለች።

«እኔ ኬሚስትሪ እማራለሁ» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስንወጣ ሳንሱሲ አክስቷ ቤት እገባ ነበር። እዚያ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የኬሚስትሪ መጽሐፍ አነብላታለሁ፤ ያልገባኝን እኔም ከእሷ እማራለሁ። ሥዕሎቹ ጋ ስደርስ ግን መንገድ ጠፋን። «እዚህ ጋ ክብ አለ፣ ከክቡ መስመር ይወጣል» እያልኩ ብደክም አልሆነም። ዘዴውን ያገኘችው እሷ ናት። የተቀቀለ ባቄላ ካርቦን፣ ሽምብራ ኦክስጅን፣ አተር ሃይድሮጅን ሆነ፤ በጥርስ መፋቂያ ስንጥር እየወጋን አያያዝናቸው። በጣቷ ስትዳስስ አንዱን ከሌላው አትስትም። እኔ ከወረቀት እያየሁ የሠራሁትን እሷ በአንድ ዳሰሳ «አንድ አተር ጎድሎሻል» ትለኛለች።

አንድ ቀን አክስቷ ከሥራ ገቡና ትሪው ላይ የተደረደረውን አይተው ክው አሉ።

«እናንተ ልጆች! በእህል ይጫወታል እንዴ?»

«ጨዋታ አይደለም፣ አክስቴ። ትምህርት ነው» አለች ጓደኛዬ።

«ይሄ ታዲያ ምንድን ነው?»

«ግሊሰሪን ናት።»

«እኔ እግሬን የምቀባው?»

«አዎ።»

አክስትየዋ ነጠላቸውን አወለቁ፣ ተቀመጡ፣ የግሊሰሪኗን ሞለኪውል ከትሪው አንስተው ወደ ብርሃኑ አዞሩና ብዙ አዩአት። «እኔስ ከባቄላ መሆኑን አላውቅም ነበር» አሉ። ሳቅን። እሳቸውም የተሳቀበት ሳይገባቸው አብረውን ሳቁ። ጨው አመጡና ግሊሰሪንን በላናት፤ ውሃንም፣ ስፒሪትንም።

በግንቦት መጀመሪያ ጓደኛዬ የኬሚስትሪ ማጠቃለያ ፈተና መፈተን እንደምትፈልግ ለመምህራችን ነገረቻቸው። እሳቸው ወደ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ወሰዱን። ምክትሉ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ሲናገሩ መነጽራቸውን የሚያወልቁ ሰው ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የፈሩት ነገር ነበር።

«ልጄ፣ ጉብዝናሽን ሰምቻለሁ» አሏት። «ግን ነገ ክፍል ውስጥ አሲድ ቢፈስብሽ ማን ነው የሚጠየቀው? ደግሞስ ኬሚስትሪ እኮ የሚታይ ትምህርት ነው። ቀለም ሲለወጥ፣ ጢስ ሲወጣ፣ ይሄን ሁሉ እንዴት ታደርጊዋለሽ?»

«ሞለኪውልን እርስዎም አያዩትም፣ ቲቸር» አለች።

የኬሚስትሪ መምህራችን ሳቃቸውን በሳል አዳፈኑት። ምክትሉ መነጽራቸውን አወለቁ። በመጨረሻ፣ ዓርብ ዕለት ቢሮአቸው ውስጥ ትፈተን፣ እሳቸውም ራሳቸው ይዩ ተባለ።

ዓርብ ሲደርስ ጓደኛዬ ጉንፋን ይዟት መጣች። አፍንጫዋ ተደፍኖ በአፏ ነበር የምትተነፍሰው። «ለሌላ ቀን ይደረግልን እንበል» ብላት፣ «እንኳን ያዘኝ። በማሽተት ነው የለየችው እንዳይሉኝ» አለች።

የቢሮው ጠረጴዛ ላይ መምህራችን አራት አንድ ዓይነት ጠርሙሶች አስቀምጠዋል። ፈሳሾቹ ሁሉም ቀለም የላቸውም። የእያንዳንዱ ጠርሙስ አፍ ላይ ፊኛ ተገጥሟል። ከመምህራን ክበብ በማንቆርቆሪያ የመጣ ሙቅ ውሃ በሳፋ ተደርጓል። ምክትሉ ራሳቸው ጠርሙሶቹን ቦታ አቀያየሩና ሳፋው ውስጥ አቆሟቸው። «በይ እንግዲህ፣ የእንፋሎት ግፊታቸው ከበዛው ወደ አነሰው አስቀምጪልኝ።»

እኔ በክንዷ ይዣት ከጎኗ ቆሜ ነበር። ጓደኛዬ ጣቶቿን ወደ ፊኛዎቹ ሰደደች። አንደኛው ወዲያው እየተነፋ ነበር፤ እሱን ለይታ አወጣችው። «አሴቶን።» ሁለተኛውንም ጥቂት ዳስሳ አወጣችው። «ስፒሪት።» የቀሩት ሁለቱ ላይ ግን ጣቶቿ ከአንዱ ወደ አንዱ ይመላለሱ ጀመር። ሁለቱም ፊኛዎች እምብዛም አልተነሱም። አንድ ጊዜ ዳሰሰች፣ ደገመች፣ ሠለሰች። የግድግዳው ሰዓት ይሰማኛል። ምክትሉ ወደ ሰዓቱ ቀና ሲሉ አየሁ።

እኔ የሚታይ ነገር ሁሉ ይታየኝ ነበር። ሳፋው ነቅነቅ ሲል አንደኛው ጠርሙስ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ወፍሮ፣ ተለጥጦ በዝግታ ነበር የሚመለሰው። ግሊሰሪኑ በስተቀኝ ያለው ነው። ጣቶቿ በስተግራ ያለው ላይ ሲሆኑ ክንዷን ጨበጥ አደረግሁት። ውሃው ይሄ ነው፣ ይሄን አውጪ ለማለት። ማንም አላየኝም።

ጓደኛዬ ቀጥ ብላ ቆመች። ክንዷን ከእጄ ቀስ አድርጋ አወጣች።

«ቲቸር» አለች ወደ ምክትሉ ዞራ፤ «ጓደኛዬ ትንሽ ራቅ ትበልልኝ።»

ፊቴ በእሳት የተለበለበ መሰለኝ። ሁለቱ መምህራን አዩኝ። ሄጄ በሩ አጠገብ ቆምኩ።

«ደግሞ ትንሽ እንታገስ» ብላ ቀጠለች። «ውሃው ከባድ ነው፤ ለመልቀቅ ጊዜ ይፈልጋል። ትኩስ ቢጨመርበት ጥሩ ነበር።» መምህራችን ከማንቆርቆሪያው ጨመሩ። ጠበቅን። እኔ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ የረዘመ ጥበቃ አላውቅም። ጣቶቿን መለሰች። የግራውን ፊኛ በሌባ ጣቷ ጫን አደረገችው፤ የቀኙንም። ከዚያ የግራውን አወጣች።

«ይሄ ውሃ ነው። ይሄኛው ግሊሰሪን። የግሊሰሪኑ ፊኛ ትንሽ የተነሳው ውስጡ ያለው አየር ስለሞቀ ነው እንጂ፣ እሷ ምንም አልወጣችም።»

ምክትሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ «ለምን አልወጣችም?» አሉ።

«ሦስት እጅ ስላላት። እርስ በርሳቸው በሦስቱም ይያያዛሉ። አንዷ ልሂድ ብትል ጎረቤቶቿ አይለቋትም።»

ምክትሉ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፣ ወረቀት ሳቡና ጻፉ። ክፍል ገብታ ትማር፣ ፈተናውንም መምህሩ እያነበቡላት በቃል ትመልስ የሚል ነበር። መምህራችን ከቢሮው ስንወጣ እጇን ጨብጠው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁም።

እኔን ግን አልነካችኝም። ወደ ሳንሱሲ ስንሄድ ክንዴን ስሰጣት ነጭ ዘንጓን ከቦርሳዋ አወጣችና ዘረጋችው። መንገዱን እየነካካች፣ ድንጋይና ጉድጓድ እየለየች ብቻዋን ሄደች። እኔ አሥር እርምጃ ያህል ከኋላ ተከተልኩ። አንድ ሚኒባስ ጡሩንባ ሲነፋባት ዘልዬ ልይዛት ነበር፤ ቆምኩ። እሷም ቆመች፣ ሚኒባሱን አሳለፈች፣ ሄደች።

አንድ ሳምንት አልተነጋገርንም። ዴስካችን ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን መውጊያዋ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ እኔ ሰሌዳውን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ፤ ለማን እንደማነብ አይታወቅም። እናቴ ቤት ውስጥ «ምነው ልጄ፣ ወሬሽን ማን ሰረቀው?» አለችኝ። ነገርኳት። እናቴም «አንቺ እጇን ስትይዢ ደግ ሥራ የሠራሽ መስሎሻል፤ ሄደሽ ጠይቂያት፣ እሷ ምን እንደመሰላት» አለችኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ጓደኛዬ ደጃፉ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች። እርምጃዬን ሰምታ አውቃለች። ከሥሯ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

«ትወድቂያለሽ ብዬ ፈርቼ ነው» አልኳት።

«ብወድቅስ?»

የደረጃውን ጠርዝ በጥፍሬ እፍቅ ጀመር።

«ከተወለድኩ ጀምሮ ሰው ሁሉ እንዳልወድቅ ይይዘኛል» አለች። «አባቴ ይይዘኛል፣ አክስቴ ትይዘኛለች፣ መንገድ ላይ የማላውቀው ሰው ሁሉ ይይዘኛል። እንደ እናንተ መፈተን ነበር የፈለግሁት። ዜሮ ባገኝም የኔ ዜሮ ይሆን ነበር። አንቺ ግን፣ አላመንሽኝም።»

አለቀስኩ። የማልቀሴን ድምፅ ለመደበቅ ብሞክርም ከእሷ ጆሮ የሚደበቅ ነገር የለም። እጇን ወደ ታች ሰደደችና ትከሻዬን አገኘችው።

«አሁን ደግሞ እኔ ልያዝሽ?» አለች። ሳቋ መጣ። እኔም ከእንባዬ ጋር ሳቅሁ።

በሰኔ የማጠቃለያ ፈተናውን መምህራችን ባዶ ክፍል ውስጥ እያነበቡላት መለሰች። እኔ ውጭ፣ ያ የቧንቧው መቀመጫ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋት። ውጤቱ ሲለጠፍ እኔ ራሴ አነበብኩላት፤ የእሷ ከእኔ በልጦ ነበር። «ስንት በለጥኩሽ?» አለች። ነገርኳት። «ድገሚው» አለች። ደገምኩት። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።

አሥረኛ ክፍል ስንገባ ያ መምህር ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛውረው ነበር። አዲስ የመጡት መምህር በመጀመሪያው ቀን አዩአትና «አገር አቀፍ ፈተናው ላይ ለእሷ ኬሚስትሪ የለም፤ ለምን በከንቱ ትደክማለች? ትውጣ» አሉ። የምክትሉን ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻቸው። አነበቡትና «ይሄ ለአምና ነው» ብለው መለሱላት።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ክፍሉ ውስጥ ከኔ የበለጠ አፍ ያለው ልጅ አልነበረም። ግን ዝም አልኩ። አትያዢኝ ብላኛለች፣ ራሷ ትናገር ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁ። እሷም አልተናገረችም። ወረቀቷን አጥፋ ተነሳች፤ ከዴስኩ ስትወጣ ጣቶቿ የዴስኩን ጠርዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሱት። እስከ ዛሬ ድረስ፣ ያን ቀን የኔ ዝምታ እሷን ማመን ይሁን ፈሪነት፣ በትክክል አላውቅም። ፈሪነት ይመስለኛል።

ማንበቤን ግን አልተውኩም። ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳንሱሲ እየሄድኩ የኬሚስትሪዬን መጽሐፍ አነበብኩላት። ለእሷ ፈተና የሌለው ትምህርት ነበር፤ እኔ ግን ዛሬ ፋርማሲስት የሆንኩት በእነዚያ ቅዳሜዎች ነው። ያልገባኝን የምታስረዳኝ እሷ ነበረች።

ዓመቱ ሲያልቅ አክስቷ ለሥራ ወደ አረብ አገር ሊሄዱ ሆነ። ጓደኛዬ ወደ አባቷ፣ ወደ ጎጃም ተመልሳ አሥራ አንደኛ ክፍልን እዚያ እንድትማር ተወሰነ። ከሄደች በኋላ ሁለት ዓመት ያህል የጎረቤታችን ስልክ ላይ ትደውልልኝ ነበር። ሕግ ልታጠና ዩኒቨርሲቲ እንደገባች ከእሷው አፍ ሰማሁ። ከዚያ ጎረቤታችን ቤት ቀየሩ፣ እኔም ካምፓስ ገባሁ፣ ስልኩም ጠፋ። የት እንዳለች ጠይቄ ጠይቄ አላገኘሁም። አሁን ልጅ ይኖራት ይሆናል፤ ዳኛ ሆና ይሆናል። ዳኛ ከሆነች የሚዋሻት ሰው አያድርገኝ።

የሄደችበት ጠዋት አስኮ አውቶቡስ መነኸሪያ ነበርን። ብርሃኑ ገና ቀጭን ነው፤ የናፍጣ ጢስ፣ የእርጥብ አስፋልት ሽታ፣ «ደብረ ማርቆስ! ባሕር ዳር!» የሚሉ የረዳቶች ጩኸት። አክስቷ ሻንጣውን ሊያስጭኑ ከረዳቱ ጋር ሲከራከሩ እኔ ወንበሯ ላይ አስቀመጥኳት። መስኮቱን ከፈትኩላት። ከዚያ ወርጄ ከመስኮቱ ሥር ቆምኩ፤ ስለምንም የማይረባ ነገር አወራን። ስለ ሌላ ነገር ማውራት አልቻልንም።

«ለመንገድ ውሃ አልያዝኩም» አለች።

«ጠብቂኝ፣ አሁን አመጣልሻለሁ፤ ከዚህች ቦታ አልጠፋም» ብዬ ሮጥኩ።

ሱቁ ላይ ሰው በዝቶ ነበር። ውሃውን ይዤ ስመለስ አውቶቡሱ ተነስቶ ወደ በሩ እየተጠማዘዘ ነው። ከኋላው ሮጥኩ፤ ስሟን ልጠራ አፌን ከፈትኩ፤ ትንፋሽ አልነበረኝም። እሷ ክንዷን በመስኮቱ አውጥታ እጇን ታወዛውዛለች። እኔ ቆሜበት ወደነበረው ቦታ ነው የምታወዛውዘው። እዚያ ቦታ ላይ አሁን አንዲት ቆሎ ሻጭ እናት ቅርጫታቸውን አስቀምጠው ቆመዋል።

እናትየዋ ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ፤ ለማን እንደሆነ ፈለጉ። የልጅቷን ዓይኖች ልብ ሲሉ ገባቸው። ወዲያው እጃቸውን ከፍ አድርገው ለእሷ አወዛወዙና፣ ከሞተሩ ድምፅ በላይ ጮክ ብለው «ደህና ግቢ፣ ልጄ! ደህና ግቢ!» አሏት።

ጓደኛዬ ድምፁን ሰማች። ፊቷ በፈገግታ በራ። አውቶቡሱ ከበሩ ወጥቶ እስኪሰወር ድረስ እጇን አላወረደችም፤ እናትየዋም አላወረዱም።